«መርዛማ» የሚባለው የቤት ውስጥ ተክል ዝርዝር ከየት መጣ?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ሳሎን ያስቀመጥኩት ተክል ለልጄ ችግር አለው?» የሚል ነው። ውጭ አገር ያላችሁት ደግሞ «ለድመቴስ? ለውሻዬስ?» ትጨምሩበታላችሁ። ፎቶው ይመጣል፣ ሳክሲው ያምራል፣ መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ኢንተርኔት ላይ ዝርዝር ሞልቷል፤ አንዱ ገፅ «መርዛማ ነው፣ ጣሉት» ያለውን ሌላው «ምንም አይልም» ይለዋል። እናት መሀል ላይ ቆማ ግራ ትጋባለች።

ስለዚህ ዛሬ ሌላ ዝርዝር አልጨምርባችሁም። ዝርዝሮቹ ራሳቸው ከየት እንደመጡ ላውራችሁ። የሚመጡትን ዝርዝሮች በምን ዓይን እንደምታነቡ የሚያሳያችሁ ታሪካቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ ድመትና ውሻ የሚታከሙት በእንስሳት ሐኪም ነው፣ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ።)

በስሙ ከጠፋ ተክል እንጀምር። ፖይንሴቲያ ይባላል። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ እንደ ዛፍ አድጎ፣ ጫፉ ላይ ደማቅ ቀይ የሚሆነውን ተክል ታውቁታላችሁ። ፈረንጆች ለገና በትንሽ ሳክሲ ይሸጡታል። ቀዩ ክፍል ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም፤ አበባው መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ቢጫ ነገር ናት። መገኛው ሜክሲኮ ሲሆን አዝቴኮች ኩትላሾቺትል ይሉት ነበር። አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከጆኤል ፖይንሴት ነው፤ በሜክሲኮ የመጀመሪያው የአሜሪካ ልዑክ ሆኖ በ1820ዎቹ ተክሉን ወደ አገሩ የላከ ሰው ነው። ኤድንብራ ሄዶ ሕክምና መማር ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው እንጂ የሙያ ባልደረባችን ይሆን ነበር።

በ1919 ሃዋይ ውስጥ አንድ ወሬ ተነሳ። የአንድ ወታደራዊ መኮንን የሁለት ዓመት ሕፃን የፖይንሴቲያ ቅጠል በልቶ ሞተ ተባለ። ሕፃኑን ያየ ሐኪም የጻፈው ማስረጃ አልነበረም። ወሬው ግን ስለ ሃዋይ መርዛማ ተክሎች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወደ ሌላ መጽሐፍ፣ ከዚያ ወደ ጋዜጣ። አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ ስለሚጽፍ ምንጩ ብዙ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ቆይቶ ሲጣራ ጉዳዩ «ሲባል ሰማሁ» ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ግን ሁለት ትውልድ እናቶች ተክሉን ከቤት አውጥተው ጥለዋል።

በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ቅጠሉን ለአይጦች በብዛት ሰጡ፤ አይጦቹ ምንም አልሆኑም። ትልቁ ማስረጃ የመጣው በ1996 ነው። ክሬንዘሎክ የተባለ የመርዝ ባለሙያና ባልደረቦቹ ወደ አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ከተደወሉት 849,575 የተክል ጉዳዮች ውስጥ ፖይንሴቲያን የሚመለከቱ 22,793 ለይተው አጠኑ። ከ10 ዘጠኙ በላይ ሕፃናት ነበሩ። 92 በመቶ በላዩ ምንም ምልክት አላሳዩም። የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። የመርዝ መረጃ ባለሙያዎች ባሰሉት መሠረት 22 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልጅ በሙከራ ጉዳት አላሳየም ከተባለው መጠን ለማለፍ 500 ያህል ቅጠል መብላት ይኖርበታል። 500 ቅጠል በትዕግሥት ተቀምጦ የሚበላ ልጅ ካላችሁ ፃፉልኝ፤ የእኔ ታካሚዎች አንድ ጉርሻ ጎመን እንኳ በልመና ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖይንሴቲያ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ነው፤ ሦስቱም ሲቆረጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣሉ። የፖይንሴቲያው ቀላል ነው፣ ቢበዛ ቆዳ ወይም አፍ ያሳክካል። የቁልቋልና የቅንጭብ ግን ሌላ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን ፊት ለፊት ያለውን መስታወት መሳይ ክፍል ክፉኛ ያቆስላል፣ እይታንም ሊያሳጣ ይችላል። ባለሙያዎች ሩቅ አገር ስላለ የገና አበባ ሲከራከሩ የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ግን በቅንጭብ አጥር ሥር ነው። ፈሳሹ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ዓይን ሕክምና ሂዱ። የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ዓይን ውስጥ አትጨምሩ።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 22,793 ጉዳይ ማን መዘገበው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ቤቶች በጽዳት ኬሚካል፣ በመድኃኒትና በፀረ ተባይ ተሞሉ። በ1952 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ባደረገው ዳሰሳ በልጆች ላይ ከሚደርሰው አደጋ ግማሽ ያህሉ መርዝ ነክ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ልጁ የጠጣው ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። ቺካጎ ውስጥ ግን ሉዊስ ግዳልማን የሚባል የሆስፒታል ፋርማሲስት ነበር፤ ለዓመታት እያንዳንዱን ዕቃ፣ በውስጡ ያለውንና ምን እንደሚያደርግ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ያከማች ነበር። ሐኪሞች ሌሊት ሳይቀር ይደውሉለታል። በ1953 ኤድዋርድ ፕሬስ የተባሉ ሐኪም ይህን ሥራ መሠረት አድርገው በዚያችው ከተማ የመጀመሪያውን የመርዝ መረጃ ማዕከል አቋቋሙ። ከዚያ በየግዛቱ ተስፋፋ። እያንዳንዱ ስልክ ይመዘገባል፤ ልጁ ምን በላ፣ ስንት በላ፣ ምን ሆነ፣ በመጨረሻ እንዴት ሆነ። «መርዛማ» የሚለው ቃል ከወሬ ወደ ቁጥር የተሸጋገረው በእነዚህ ካርዶች ነው ብዬ አስባለሁ። አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-222-1222 በቀንም በሌሊትም በነፃ ትደውላላችሁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያገናኟችኋል።

የእንስሳቱ ታሪክ 25 ዓመት ዘግይቶ ይመጣል። በ1978 ዊልያም በክ የተባሉ የእንስሳት መርዝ ተመራማሪ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለእንስሳት ብቻ የሚሆን የስልክ መስመር ከፈቱ። በ1996 የአሜሪካ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር ተረከበው። ዛሬ ስለ ድመትና ውሻ የምታነቡት አብዛኛው ዝርዝር፣ የአማርኛው ትርጉም ሳይቀር፣ ከዚህ ማኅበር ዝርዝር የተቀዳ ነው።

ጥሩ ዝርዝር ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አነባበቡን ማወቅ ይፈልጋል። ተክሎቹን በሁለት ይከፍላል፤ መርዛማና መርዛማ ያልሆነ። ፖይንሴቲያን ብትፈልጉ «መርዛማ» ከሚለው ጎን ታገኙታላችሁ፤ ገብታችሁ ዝርዝሩን ስታነቡ ግን አፍና ሆድ እንደሚያሳክክና ጉዳቱ ከሚገባው በላይ እንደሚጋነን ራሱ ይነግራችኋል። ሊሊ የምትባለው አበባም እዚያው «መርዛማ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ናት። አንዱ ድመትን ቢበዛ ያስመልሳታል፣ ሌላዋ በሦስት ቀን ትገድላታለች። ቃሉ ግን አንድ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ «መርዛማ ያልሆነ» ማለት «ምንም አያደርግም» ማለት አይደለም። ውሻ ደህና የሚባል ቅጠል በብዛት ቢበላም ሊያስመልሰው ይችላል።

መካከለኛ ደረጃውን ለማየት ዲፈንባኪያን ውሰዱ። ትልልቅ አረንጓዴ ቅጠል፣ መሀሉ ነጭ ወይም ክሬም የተረጨበት፣ ባንክና ሆቴል መግቢያ ላይ የማይጠፋው ነው። መገኛው የአሜሪካ ሞቃት ደኖች ሲሆን ስሙ የመጣው በቪየና የሾንብሩን ቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ ኃላፊ ከነበረው ከዮሴፍ ዲፈንባክ ነው። እንግሊዝኛው ስሙ ግን «ዲዳ የሚያደርግ አገዳ» እንደማለት ነው። ካሪቢያን ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ለመቅጣት አፋቸውን በዚህ አገዳ ያሹት እንደነበር ተጽፏል፤ ምላስ ያብጣል፣ ሰውየው መናገር ያቅተዋል።

ይኼ ብቻ አይደለም። በ1941 ማዳውስ የተባለ ጀርመናዊና ባልደረባው የዚህ ተክል ጭማቂ አይጦችን መካን እንዳደረገ ጻፉ። ጽሑፉን ያነበበ አዶልፍ ፖኮርኒ የተባለ ሐኪም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለናዚው ሹም ለሂምለር ደብዳቤ ላከ፤ በምርኮ ያሉትን 3 ሚሊዮን የሶቪየት ሰዎች በዚህ ማምከን ይቻላል ብሎ። ናዚዎቹ ሐሳቡን ወደዱት። ያደናቀፋቸው ተክሉ ነበር፤ የሞቃት አገር ልጅ ስለሆነ ጀርመን ውስጥ በሚፈለገው ብዛት አልበቅልም አለ። ፖኮርኒ ኑረምበርግ ላይ በሐኪሞቹ ችሎት ቀርቦ በ1947 በነፃ ተለቀቀ። ሕክምና የተማረ ሰው ያንን ደብዳቤ በእጁ መጻፉን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ከጎናችሁ የቆመው ተክል ይህን ሁሉ አሳልፏል።

የሚጎዳው እንዴት ነው? በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መርፌ የመሰለ ክሪስታል በጥቅል በጥቅል ተቀምጧል። ሲታኘክ እነዚህ መርፌዎች ተወርውረው ምላስና ጉንጭ ላይ ይሰካሉ። ልጁ ወዲያው ይጮኻል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከንፈሩ ያብጣል። ሕመሙ ራሱ ስለሚያስቆመው ሁለተኛ ጉርሻ የሚደግም ልጅ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ አብዛኛው ጉዳት አፍ ላይ ያበቃል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት በትንሽ በትንሹ ስጡት። ድምፁ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ጉሮሮ ካበጠ ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ማኒ ፕላንት፣ ፊሎደንድሮን፣ ሞንስቴራና ፒስ ሊሊ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ አሠራራቸው አንድ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከዲፈንባኪያ ይቀላሉ። ድመትና ውሻም ላይ እንደዚሁ ነው፤ ለሃጭ፣ በእግር አፍን መፈግፈግ፣ ማስመለስ።

«ፒስ ሊሊ» ስል ልባችሁ ደንገጥ ካለ ጥሩ አንባቢ ናችሁ። ስሙ ሊሊ ይበል እንጂ እውነተኛ ሊሊ አይደለም። ድመትን የሚገድሉት ሊሊየም እና ሄሜሮካሊስ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች ናቸው፤ ለፋሲካ የሚሸጠው ረጅም ነጩ ሊሊ፣ ለሠርግና ለታማሚ ጥየቃ በእቅፍ የሚመጣው ባለ ነጠብጣቡም እዚህ ውስጥ ነው። የሚገርመው ይህ የታወቀው በቅርቡ መሆኑ ነው። ሰውና ሊሊ አንድ ላይ ለሺህ ዓመታት ኖረዋል፤ በእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች ላይ የድመት ኩላሊትን እንደሚያጠፋ በግልጽ መዘገብ የጀመረው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ውሻ ቢበላው ሆዱ ይረበሻል እንጂ ኩላሊቱ አይጠፋም። ልጅም ቢቀምሰው እንደዚያ አይሆንም። ድመት ግን ቅጠሉን መቅመስ ቀርቶ ፀጉሯ ላይ የረገፈውን የአበባ ብናኝ ብትልስ፣ አበባው የቆመበትን ውሃ ብትጠጣ ይበቃታል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታስመልሳለች፣ ከዚያ የተሻላት ትመስላለች፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ኩላሊቷ ይቆማል። የሚያታልለው ያ መሀል ላይ ያለው መሻል ነው። ሕክምና ከ18 ሰዓት በፊት ካልተጀመረ የመዳን ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። መርዙ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ሳይንስ እስካሁን ለይቶ አላወጣውም። ድመት ያለበት ቤት አበባ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጽጌረዳ ያዙ፤ እሱም ከአገራችን የመጣ ሊሆን ይችላል።

ድመት ከልጅም ከውሻም የተለየች ፍጥረት መሆኗን በሌላ ነገር ላሳያችሁ። ፓራሲታሞልን ጉበታችን የሚያስወግድበት ዋናው መንገድ ድመት ላይ ደካማ ነው፤ መንገዱን የሚሠራው ዘረመል በዝግመተ ለውጥ ተበላሽቷል። አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። የሊሊው ጉዳይ ከዚህ የተለየ መንገድ ነው፣ ነገር ግን «ለልጄ የሰጠሁትን ለድመቴም» የሚለው ሐሳብ ለምን እንደማያስኬድ ያሳያል። ለዚህ ነው «ለልጅ አይጎዳም» ተብሎ የተጻፈ ተክል ስታዩ ለድመት ብላችሁ እንደገና መፈለግ ያለባችሁ።

የስም ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሳጎ ፓልም የሚባለውም ዘንባባ አይደለም። ውሻ ፍሬውን ቢያኝክ ጉበቱ ይጠፋል። እውነተኞቹ ዘንባባዎች አሬካ ፓልምና ፓርለር ፓልም ግን ለድመትም ለውሻም ደህና ናቸው። ሻጩ የሚነግራችሁ ስም ሰፈር ሰፈሩን ይለያያል፤ የሳይንስ ስሙ ግን አዲስ አበባም ቴል አቪቭም ዱባይም አንድ ነው። ምልክት ወረቀቱ ላይ በትንሹ የተጻፈችውን ያቺን ሁለት ቃል ፎቶ አንሱ። ትልቅ ሆኖ «ለእንስሳት ተስማሚ» የሚለው የሻጩ ማስታወቂያ ነው።

የእኛዋን ጉሎ ልርሳት እንዴ? መገኛዋ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እንደሆነ ይታመናል። ብዙ ቤት ምጣድ የሚታሰሰው በፍሬዋ ነው። የሳይንስ ስሟ ሪሲነስ በላቲን መዥገር ማለት ነው፤ ፍሬዋን አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደሆነ አያጠያይቅም። በፍሬው ውስጥ ያለው ሪሲን ከኃይለኛ መርዞች አንዱ ሲሆን፣ በ1978 ለንደን ውስጥ ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ጆርጂ ማርኮቭ የተገደለው በዚሁ መርዝ እንደሆነ ይታመናል። ልጅ ፍሬውን ሳያኝክ ቢውጠው ብዙ ጊዜ እንዳለ ያልፋል፤ ካኘከው ግን ከባድ ተቅማጥና ድርቀት ያስከትላል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ሁለቱንም ለይታችሁ ማወቅ ስለማትችሉ ወደ ሐኪም አምጡት። ዘይቱ ውስጥ ሪሲን የለም፤ ሲጨመቅ ከአሰሩ ጋር ይቀራል። ይህ አሰር በአንዳንድ አገሮች ማዳበሪያ ሆኖ ይሸጣል፣ በደንብ ካልተሞቀ ደግሞ መርዙ አለበት፣ ውሾችም ሽታውን ይወዱታል። ስለዚህ ተክሉ ደህና ሆኖ አፈሩ ሊጎዳ ይችላል። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

አሁን ወላጆች ሁሌ ወደሚጠይቁኝ ልምጣ፤ «ላስመልሰው?»

አታስመልሱ። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። አይፔካክ የሚባል የማስመለሻ ሽሮፕ ነበር፣ እሱም ከብራዚል ተክል ሥር የሚሠራ። ከ1965 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበር፤ የሕፃናት ሐኪሞች ራሳቸው «ልጅ ያለበት ቤት አይጥፋ» ይሉ ነበር። ከዚያ መረጃው ሲሰበሰብ የወሰዱትም ያልወሰዱትም ውጤታቸው አንድ ሆነ፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋ ደግሞ ተጨመረ። በ2003 ያው የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ «ከቤታችሁ አውጡት» አለ። ጣት አስገብቶ ማስመለስ፣ ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ዘይት መጋት እኛ ጋ የአይፔካክ ወንድሞች ናቸው። ጨው በብዛት ራሱ ልጅን ሊገድል ይችላል። ወተትም መርዝ አያረክስም፤ ከላይ ለዲፈንባኪያ የመከርኳችሁ የቆሰለ አፍ ስለሚያበርድ ብቻ ነው።

ድመትና ውሻ ካላችሁና «ታዲያ ምን ላስገባ?» ካላችሁኝ፣ የተጠቀሱት ዘንባባዎች፣ ስፓይደር ፕላንት (ድመቶች ያኝኩታል፣ አይጎዳቸውም)፣ ቦስተን ፈርን፣ ፋላኖፕሲስ ኦርኪድ እና አፍሪካን ቫዮሌት ጥሩ ናቸው። አፍሪካን ቫዮሌት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የተባለ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሹም በ1892 ታንዛኒያ ኡሳምባራ ተራሮች ላይ አግኝቶ ዘሯን ወደ አውሮፓ ላካት፣ ሴንትፖሊያ የሚለው ስሟም ከእሱ ነው። እሬት ግን ለቁስልና ለፀጉር ብትወዱትም ውሻና ድመት ቢበሉት ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፤ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት።

በውስጥ መስመር ፎቶ ስትልኩልኝ ቅጠሉን ከፊትም ከጀርባም፣ ግንዱን፣ አበባ ካለው አበባውን፣ ምልክት ወረቀቱ ካልተጣለ እሱንም አድርጉበት። ልጁ አሁን በልቶ ከሆነ ግን ለእኔ አትጻፉ፤ መልእክት የማየው ማታ ከሥራ በኋላ ነው። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ የበላውን ቅጠል በፌስታል ያዙ፣ ስንት ሰዓት እንደበላ አስታውሱና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ።

ዶክተራችሁ